ከትዊድ ማዶ የተመረጠችው

ሃርልሾ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2005 እ.ኤ.አ.

ለተወደድሽው ለኢሶቤል ሬንዊክ፣
የፓርላማ አባል፣ ለንደን

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት ያግኝሽ። የገባሽበት ቤት ይቅናሽ፤ መውጫ መግቢያሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ደውለሽ እንደነበር ጎረቤቴ ነግራኛለች። ስልክ ለእኔ ከእንግዲህ ዝም ብሎ የሚጮህ ዕቃ ነው፤ ዓይኔ ግን ገና ይሠራልና ጻፊልኝ።

እንኳን ደስ አለሽ ለማለት አምስት ወር መቆየቴን በንቀት አትቁጠሪብኝ። አያትሽና እኔ የእኅትማማች ልጆች ነን። እሷ ከትዊድ ወንዝ ማዶ ብሬይድን ወደምትባለው ከተማ አግብታ ሄዳ ስኮትላንዳዊት ሆነች፤ እኔ እዚሁ እንግሊዝ ቀረሁ። በመካከላችን አንድ ድልድይ ብቻ ነበር። አንቺም ክረምት ክረምት በዚያ ድልድይ እየሮጥሽ ስትመጪ አፍንጫሽን በመቀነቴ የጠረግሁልሽ ልጅ ነሽ። ያቺ ልጅ ዛሬ ሕግ ታወጣለች ብዬ ሳስበው አንዳንዴ ሥራዬን አቁሜ እቀመጣለሁ።

ባለቤቴ ካትበርት ታሟል። በነሐሴ መጨረሻ ለውድድር የሚያሳድገውን ባሮ ሽንኩርት ሲኮተኩት ወደቀ፤ ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም፤ ከአፉም የሚወጣው "ደህና" የሚል ቃል ብቻ ነው። ሲያመው "ደህና" ይላል፣ ሲቆጣም "ደህና" ይላል። እዚሁ ሃርልሾ ባለችው ትንሿ ሆስፒታል፣ አሥራ ሁለት አልጋ ባላት፣ ተኝቷል። በየቀኑ በእግሬ ሄጄ ምሳውን አበላዋለሁ። መኪና እንደማልነዳ ታውቂያለሽ።

ጋዜጣው በእንግሊዝ ውስጥ ከሃያ አልጋ በታች ያላቸውን ሆስፒታሎች የሚዘጋ ሕግ ወደ እናንተ ቤት እየመጣ ነው ይላል። ከተዘጋች ካትበርትን የሚወስዱት ኒውካስል ነው፤ መቶ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን የጻፍሁት ለወሬ ያህል ነው።

እስቲ ደግሞ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ እዚያ ኮት መስቀያው ላይ የሰይፍ ማንጠልጠያ አለ የሚሉት እውነት ነው?

አክስትሽ ቶማዚን ዶድስ


ለንደን፣ ኅዳር 2 ቀን 2005

ለማከብርዎት ለአክስቴ ለወይዘሮ ቶማዚን

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ። አጎቴን ፈጣሪ ይማርልን፤ ለእርስዎም ጉልበቱን ይስጥዎ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አጎቴ ካትበርት አንድ ቃል ብቻ ቀረው ሲሉኝ አላመንሁም፤ የዚያን ሰውዬ አፍ የሚዘጋ ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የሰይፉ ነገር እውነት ነው። ስሜ የተጻፈበት መስቀያ አለኝ፤ ከሥሩ ሰይፌን የማንጠለጥልበት ቀይ ሪባን ታስሯል። እኔ ጃንጥላዬን አንጠልጥዬበታለሁ። አክስቴ፣ ይህ ቤት ያስፈራል። የገባሁ ሰሞን ጣሪያውን ቀና ብዬ ሳይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተላተምሁና ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሽማግሌው "ሁላችንም እንደዚያው ነበርን፤ አንገትሽ ሲደክመው ይተውሻል" አለኝ። ስድስት መቶ አርባ ስድስት ሰዎች ነን፤ ወንበሩ ግን ለሁሉም አይበቃም። በማለዳ መጥቶ ጸሎት ላይ የተገኘ ብቻ ነው ስሙን በካርድ ጽፎ ወንበር የሚይዘው። እኔ አንድም ጸሎት አላመለጠኝም፤ ለነፍሴ ብዬ ነው ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ድምፅ ስንሰጥ እጅ አናወጣም። ደወል ይደወላል፤ በየክፍሉ፣ በየመንገዱ፣ ማዶ ባሉት ምግብ ቤቶች ሳይቀር ይሰማል። ከዚያ ስምንት ደቂቃ አለን። አዛውንቶቹ ሳይቀሩ ሾርባቸውን ጥለው ይሮጣሉ። ሁለት መተላለፊያዎች አሉ፣ አንዱ "ይጽደቅ"፣ አንዱ "ይቅር" ለሚሉ። በስምንተኛው ደቂቃ በሩ ይቆለፋል። በገባንበት እያለፍን እንደ በግ ይቆጥሩናል። መጀመሪያ የተቆጠርሁ ዕለት በሰውነቴ ሕግ ሆንሁ ብዬ አሰብሁ።

ስለ ረቂቁ ሰምቻለሁ። የገባሁትን ቃል አጎቴ ያውቃል።

በአክብሮት፣ ኢሶቤል


ሃርልሾ፣ ጥር 11 ቀን 2006

ለኢሶቤል

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልሽ፤ ስትሮጪ አትውደቂ። ሁለት ወር ዝም ያልሁት በረዶው ስለ ጠነከረ ነው ብልሽ ታምኚኝ ይሆናል፤ እውነቱ ግን የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው።

ቃሉንማ እኔም አውቀዋለሁ። የተሰጠው በእኔ ወጥ ቤት፣ የእኔን ዘቢብ ያለበት የምጣድ ቂጣ እየበላችሁ ነው። አንቺ ለምረጡኝ ልትዞሪ ስትነሺ ካትበርት ሱሪውን ከፍ አድርጎ፦

"ቆይ አንቺ ልጅ፣ ስኮትላንድ ኤድንብራ ላይ የራሷን ፓርላማ ካቆመች ስድስት ዓመቷ ነው። የእናንተን ሆስፒታል የእኛ ሰው አይነካውም። የእኛን ሆስፒታል ግን አንቺ ለንደን ተቀምጠሽ ትወስኛለሽ። ይሄ ነው ፍርድ? ማን መረጠሽ ለኛ?"

"አጎቴ፣ እኔ ለእንግሊዝ ብቻ በሚወጣ ሕግ ድምፅ አልሰጥም።"

"ይህ ምላስሽ እስክትገቢ ነው!"

"ይኸው እጄን!"

ብለሽ እጁን መታሽው። ከዚያም ብሬይድን አደባባይ ላይ ቆመሽ ይህንኑ ተናገርሽ፤ በዚያ ቃል ተመረጥሽ። ካትበርት ያን ቀን ሲኮራብሽ ባየሽው።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ ስሄድ ሰዉ እያስቆመኝ ነው። ትናንት ሚሲዝ ቻርልተን፣ እናቷ ከካትበርት ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ ያለች፣ በር ላይ ቆማ በጆሮዬ እየጮኸች፦

"ቶማዚን፣ ዘመድሽ አይደለችም እንዴ ፓርላማ ያለችው? አንድ ቃል ብትጽፊላት እጅሽ ይሰበራል?"

"የብሬይድን ሰዎች ናቸው የመረጧት፤ እኔ አይደለሁም።"

"እንግዲያው ዝምድናሽ ለምንሽ ነው?"

"ለገና ካርድ" አልኋት።

ነርሷ ዊኒፍሬድ ሳቀች፤ ሚሲዝ ቻርልተን አልሳቀችም። ካትበርት ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ጀምሯል። ከቤቴ በር እስከ አልጋው ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ነው።

ቶማዚን


ለንደን፣ የካቲት 20 ቀን 2006

አክስቴ ሆይ

ጤና ይስጥልኝ። በአጭሩ እጽፋለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የመጨረሻው ድምፅ መጋቢት 15 ይሰጣል። ሁለቱም ወገን ሰዉን በጣት እየቆጠረ ነው። የእኔ ፓርቲ ሕጉን ይቃወማል፤ በመንግሥት ወገን ካሉትም እንግሊዛውያን ብዙዎቹ አኩርፈዋል። የፓርቲያችን አስተባባሪ ዛሬ መተላለፊያ ላይ ይዞኝ "ቃልሽን አከብራለሁ፤ ግን በአንድ ሰው ልንሸነፍ እንችላለን" አለኝ። አሥራ ሁለት አልጋ በእኔ እግር ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው ያዞረኛል። ይህን ያህል ኃይል ለአንድ ሰው ማን ሰጠው? ደግሞስ ለኃይሉ ባለመብት ነኝ ወይ?

ኤድንብራ ያለውን ፓርላማ ስለ ብሬይድን ሆስፒታል አንድ ቃል ልጠይቀው አልችልም፤ የመረጡኝ ሰዎች የሚታከሙት ግን እዚያ ነው። ያልመረጠኝን የሃርልሾን ሆስፒታል ግን ላድነውም ልዘጋውም እችላለሁ። ይህን ነገር ለውጭ አገር ሰው ባስረዳው የቀለድሁ ይመስለዋል።

አክስቴ፣ እባክዎ ይጠይቁኝ። ከጠየቁኝ ቃሌን አፈርሳለሁ፤ ብሬይድን ላይም ቆሜ እነግራቸዋለሁ። ግን ይጠይቁኝ።

ኢሶቤል


ሃርልሾ፣ መጋቢት 1 ቀን 2006

ለኢሶቤል

እግዚአብሔር ልብሽን ያረጋጋው።

አልጠይቅሽም። አልፈልግም ማለቴ አይደለም፤ በየሌሊቱ ነው የምፈልገው። ግን ቃሉ የተሰጠው ለካትበርት ነው፤ እሱን ጠይቄ ደግሞ "ደህና" ነው ያለኝ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ አላወቅሁም። በእሱ ስም የማላውቀውን አልናገርም።

ሸክሙን በእኔ ጀርባ ልትጭኚው አትችዪም። የራስሽን ተሸከሚ፤ የእኔን እኔ ተሸክሜያለሁ።

ቶማዚን


ለንደን፣ መጋቢት 17 ቀን 2006

ለማከብርዎት ለአክስቴ

ይህ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ከጋዜጣ አንብበውታል። ቢሆንም ከእኔ መስማት አለብዎትና ምንም አልደብቅዎትም። ካነበቡት በኋላ የፈለጉትን ያህል ይራገሙኝ።

ከድምፁ አምስት ቀን በፊት ሻይ ቤታችን ውስጥ አንድ የመንግሥት ወገን አባል መጣ። ሚስተር ፔንሃሎው ይባላል፣ ከደቡብ ምዕራብ ጥግ ከኮርንዎል የተመረጠ ትልቅ ሰው ነው። እዚህ መጣመድ የሚሉት ልማድ አለ። አንድ አባል የሚቀርበት ችግር ሲገጥመው ከተቃራኒው ወገን አንዱን ይዞ "አንተም ቅር፣ እኔም ልቅር" ይላል። ሁለቱም ስለሚቀሩ ውጤቱ አይዛባም። በወረቀት አይጻፍም፣ ዳኛም የለውም፤ እጅ መጨባበጥ ብቻ ነው። ይህን አፍርሶ የተገኘ ሰው ከዚያ በኋላ ሻይ የሚጠጣው ብቻውን ነው።

"ሚስ ሬንዊክ፣ አንቺ ከተቃዋሚው ወንበር ነሽ አይደል? ረቡዕ ባለቤቴ ልቧን ኦፕራሲዮን ትደረጋለች። አጠገቧ ልሁን። ተጣመጂልኝ፤ ባክሽ።"

አክስቴ፣ ሰውየው የሚያውቀኝ በወንበሬ ብቻ ነው። ስለ ቃሌ አልሰማም። እኔ እንደሆነ ረቡዕ ዕለት ድምፅ አልሰጥም! አዎ ብዬ እጄን ብዘረጋለት እኔ ምንም ሳላጣ እሱ ይቀራል። አንድ ድምፅ ከዘጊዎቹ ላይ ይጎድላል። ቃሌን ሳላፈርስ፣ መተላለፊያውን ሳልረግጥ፣ ዝም ብዬ ብቻ የአጎቴን አልጋ አድናለሁ። ሚስቱም ባሏን ታገኛለች። ማንም አያውቅም። እጄ ግማሽ መንገድ ደርሶ ነበር።

"ሚስተር ፔንሃሎው፣ እኔ በዚህ ሕግ ድምፅ አልሰጥም። የእንግሊዝ ብቻ ነው። ቃል አለብኝ። ከእኔ ጋር ቢጣመዱ የሚጎዱት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

ፊቱ ነጣ።

"ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?" አለኝ። ተቆጥቶ ነበር። "ዝም ብትዪ እኔ ምን አውቅ ነበር? እኔ ሚስቴ ጋ እሄድ ነበር፣ አንቺም የምትፈልጊውን ታገኚ ነበር!"

"አላውቅም" አልሁት። እውነቴን ነበር፤ ዛሬም በደንብ አላውቀውም። የማውቀው፣ ድምፅ አለመስጠቴን በዚያ ዋጋ ከሸጥሁ ቃሌ መጀመሪያውኑ የሚሸጥ ዕቃ ነበር ማለት ነው። ሌላ የሚጣመደው ሰው በየክፍሉ ፈልጎ አጣ።

ረቡዕ ምሽት ደወሉ ተደወለ። እኔ በወንበሬ ቀረሁ። አዳራሹ ባዶ ሆነ። አንዲት የወገኔ አባል ከበሩ ተመልሳ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ፦

"ተነሺ እንጂ! እግርሽን ይዞሻል እንዴ? ዘመድ አለኝ አላልሽም?"

"አለኝ።"

"ታዲያ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?"

ስምንቱን ደቂቃ ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ቆጠርሁት። በሦስተኛው ደቂቃ አንድ ጊዜ ተነሥቼ ነበር፤ አልዋሽዎትም። መልሼ ተቀመጥሁ። በመጨረሻዋ ደቂቃ ሚስተር ፔንሃሎው ጢሙን ሳይላጭ፣ ከባቡር እንደ ወረደ፣ ቦርሳውን በእጁ ይዞ እየሮጠ ወደ "ይጽደቅ" መተላለፊያ ገባ። በሩ ከኋላው ተቆለፈ።

"ይጽደቅ" ሁለት መቶ ዘጠና አንድ፣ "ይቅር" ሁለት መቶ ዘጠና። ሲነበብ ማንም አልጮኸም። እኩል ቢመጣ ኖሮ አፈ ጉባኤው በጥንቱ ልማድ ነገሩ እንደ ነበረ እንዲቆይ ይፈርድ ነበር። እሱ ቢቀር ወይም እኔ ብነሣ ሃርልሾ ትተርፍ ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ምን ያህል እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከዚያ ጣሪያ ይልቅ ያስፈራል። ሚስተር ፔንሃሎው ሲወጣ ወንበሬ ጋ ቆሞ "ባለቤቴ ተርፋለች" ብሎኝ ሄደ። ኮት መስቀያው ያለበት ክፍል ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ሆስፒታሉ ግንቦት መጨረሻ ይዘጋል። ይቅርታ አልልም፤ ይቅርታ የምልበት አፍ የለኝም። አጎቴን ከቻሉ ይሳሙልኝ።

ኢሶቤል


ለንደን፣ ግንቦት 6 ቀን 2006

ለአክስቴ

ሰባት ሳምንት ሆነ። ሁለት ጊዜ ሃርልሾ መጥቼ ከበርዎ ፊት ቆሜ ተመለስሁ፤ መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። መልስ አልጠብቅም። አጎቴ በሕይወት መኖሩን ብቻ በፖስት ካርድ ይጻፉልኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል።

ኢሶቤል


ብሬይድን፣ ሰኔ 19 ቀን 2006

ለልጄ ለኢሶቤል

የአባቶቻችን አምላክ ፊቱን ያብራልሽ። በሕይወት አለ። ፖስት ካርድ ያልላክሁልሽ ለመቅጣት ብዬ ነው፤ ቀጣሁሽ፤ አሁን በቃኝ።

በጣም ተቆጥቼብሽ ነበር። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ጮክ ብዬ ሰደብሁሽ፤ ጆሮዬ ባይሰማም ጎረቤቴ ሰምታለች። የአንድ የማታውቂው ሰው ነገር ከካትበርት በልጦብሽ ነው? አልሁ። ዝም ማለት እንዴት ያቅትሻል? አልሁ። ደብዳቤውን ለካትበርት ማንበብ አልቻልሁም፤ ለዊኒፍሬድ ሰጠኋትና እሷ አነበበችለት። እኔ ፊቱን እያየሁ ተቀመጥሁ። ስለ ፔንሃሎው የጻፍሽበት ገጽ ላይ ስትደርስ ዓይኑ ተከፈተ። ስትጨርስ በባሮ ሽንኩርት ውድድር ላይ ዳኛው የገዛ ወንድሙን ሽንኩርት ለክቶ ሁለተኛ ሲያወጣው እንደሚያደርገው፣ በደህናው እጁ አልጋውን ደጋግሞ መታ። በግማሽ ፊቱ ሳቀ፣ ዕንባውም ወረደ። በእሱ ስም የማላውቀውን አልናገርም ብዬሽ ነበር፤ ይህን ግን አወቅሁት። ሃምሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ።

እኔ እንደሱ ቶሎ አልበረድሁም። ግን ኒውካስልን ሄጄ አየሁት። ሊፍቱ ብቻ ከሃርልሾ ሆስፒታል ይበልጣል። በሁለት አውቶቡስ አራት ሰዓት ፈጀብኝ፤ በየቀኑ አልችለውም። ስለዚህ ያልታሰበውን አሰብሁ። ከድልድዩ ማዶ ዘጠኝ አልጋ ያላት ሆስፒታል አለች አይደል? የሷን ነገር የሚወስነው ኤድንብራ ነው፤ ያም ሕግ አይነካትም። ቤቱን አከራየሁና ብሬይድን ከዳቦ ቤቱ በላይ ሁለት ክፍል ያዝሁ። ሰባ ስምንት ዓመት እንግሊዛዊት ሆኜ ኖሬ ዕቃዬን በትራክተር ጭኜ ስኮትላንድ ገባሁ። ሚሲዝ ቻርልተን "ከዳሽን!" ብላ አለቀሰች፤ በማግሥቱ ደግሞ እናቷን ይዛ መጣችና ከታች ያለውን ክፍል ተከራየች። ካትበርት ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። መስኮቱ ወደ ወንዙ ነው፤ ማዶ ሃርልሾ ትታየዋለች።

ባለፈው ሳምንት የምርጫ መዝገብ የያዘ ወጣት በራችንን አንኳኳ። ስሜን ጻፈና "የፓርላማ ተወካይዎ ሚስ ሬንዊክ ናት" አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። በጣም ደነቀኝ፣ ልጄ። ማዶ ሳለሁ ሆስፒታሌን ማዳን ትችዪ ነበር፤ ያልመረጥሁሽ ስለ ሆንሁ አላደረግሽም። አሁን መራጭሽ ሆንሁ፤ ብሬይድን ነገ ትዘጋ ቢባል ግን ብትፈልጊም አንድ ጣት ማንሣት አትችዪም። ይህን ሥርዓት ያወጣ ሰው አልጠላሁትም፤ ብቻ አንድ ቀን ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ቢያስረዳኝ እወዳለሁ።

ከዚያ ሳስበው ደስ አለኝ። አንቺን የምለምንበት ምንም ነገር አልቀረኝም፤ የምትከለክዪኝም የለሽም። እንደ ድሮው ዘመዳሞች ብቻ ሆንን። እሑድ ምሳ ነዪ፤ በሩን ሳታንኳኪ ግቢ።

አክስትሽ ቶማዚን